በጅቡቲ ከመዥገር ስለ መጠንቀቅ

አንድ ሰው ሌላውን አልለቅ ብሎ ሲያስቸግረው «እንደ መዥገር ተጣበቀበት» ማለት የተለመደ አነጋገር ነው። ምሳሌው የመዥገርን ጠባይ በሚገባ ያሳያል፤ ጕዳቷን ግን ሁሉንም አይገልጽም። መዥገር ሥራዋ ደም መጥባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ነቅሎ ጥሏት በረሳት ነበር። ነገር ግን ከአንዱ እንስሳ የቀዳችውን ረቂቅ ተሐዋሲ ለሌላው እንስሳ፣ አልፎም ለሰው ታቀብላለችና፣ ከምትወስደው ደም ይልቅ የምትተወው በሽታ ያስፈራል።

ይህ የባላገርና የእረኛ ጕዳይ ብቻ የሚመስለው ከተሜ ብዙ ነው። ዳሩ ግን እንደ ጅቡቲ ባለ ከተማ፣ ከብትና ግመል፣ በግና ፍየል ከሩቅ አገር ተነድቶ መርከብ በሚጠብቅበት ወደብ፣ መዥገር የነጋዴውም፣ የሹሙም፣ የቤት እመቤቷም ጕዳይ ናት። መዥገር ወደ ከተማ የምትገባው በከብት ጀርባና በሰው ልብስ ላይ ተቀምጣ ስለሆነ፣ ጥንቃቄውም ሊጀመር የሚገባው ከብቱ ከሚያርፍበት ሥፍራና ሰው ከሚለብሰው ልብስ ነው።

የከብቱ መንገድ

ጅቡቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ገደማ ከተቈረቈረች ጀምሮ ኑሮዋ ከደጋው አገር ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ቀድሞ የግመል ቅፍለት፣ ከ1917 ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው የምድር ባቡር፣ ዛሬ ደግሞ የጭነት መኪናና በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በወደቡና በደጋው መካከል ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። የቁም ከብቱም ከኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር በእግርና በመኪና እየመጣ ወደ ባሕር ማዶ፣ ይልቁንም ወደ ዓረብ አገር ይሻገራል።

በሽታ በዚህ ንግድ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የአካባቢው ነጋዴ በሚገባ ያውቃል። በመስከረም ወር 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረብና በየመን በተነሣ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም ከብት ታገደ፤ የሳዑዲ ዓረብ እገዳም እስከ 2009 ድረስ ቈየ። ያ በሽታ በተለይ በትንኝ የሚተላለፍ እንጂ የመዥገር በሽታ አይደለም፤ ሆኖም በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ የስንቱን ሰው እንጀራ ሊዘጋ እንደሚችል አሳይቷል። በ2006 በከተማው አጠገብ በዳመርጆግ የተከፈተው የከብት ለይቶ ማቈያ ጣቢያም እንዲህ ያለው ጕዳት እንዳይደገም የሚያገለግል ነው።

ስለ መዥገር ደግሞ ከጅቡቲ የተገኘ የራሱ ማስረጃ አለ። በ2016 የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው በጅቡቲ ከተሰበሰቡ መዥገሮች ውስጥ ሁለት ብርቱ ቫይረሶች ተገኝተዋል። አንደኛው የክራይሚያና የኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ይባላል። በሽታው በ1944 በክራይሚያ ታወቀ፤ በ1956 በኮንጎ ከተገኘው በሽታ ጋር አንድ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ስለ ተረጋገጠ የሁለቱ አገሮች ስም ተሰጠው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በወረርሽኝ ጊዜ ከመቶ በሽተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ይሞታሉ። ሁለተኛው አልኹርማ የሚባለው ሲሆን በ1990ዎቹ ዓመታት በጂዳ ከተማ ከታመመ ሥጋ ሻጭ ደም የተገኘ ነው። በመዥገር ውስጥ ቫይረስ ተገኘ ማለት በከተማው ወረርሽኝ አለ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ሊሸበር አይገባውም፤ ነገር ግን ማንም ቸል ሊል አይገባውም።

በተለይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የክራይሚያና የኮንጎው ቫይረስ የገባበት ከብት አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ሲበላና ሲጠጣ ደኅና ይመስላል፤ ቫይረሱ ግን አንድ ሳምንት ያህል በደሙ ውስጥ ይኖራል። በዚህም ምክንያት ነጋዴው ከብቱን በዓይኑ መዝኖ «ጤነኛ ነው» ቢል ፍርዱ በቂ አይሆንም።

የመዥገር ጠባይ

መዥገር ከቁንጫና ከቅማል ወገን አይደለችም፤ የምትቈጠረው ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር ነው። ከዕንቍላል ስትፈለፈል ስድስት እግር፣ ካደገች በኋላ ስምንት እግር አላት። ከአንዱ የዕድገት ደረጃ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ደም ያስፈልጋታል። ሴቲቱ ጠግባ እንደ ባቄላ ካበጠች በኋላ መሬት ላይ ወድቃ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዕንቍላል ጥላ ትሞታለች። አንዳንዱ ዓይነት ዕድሜውን በአንድ ከብት ላይ ይጨርሳል፤ ሌላው ግን በየደረጃው እየወረደ ሦስት ጊዜ አዲስ ባለ ደም ይፈልጋል።

በእርጥብ አገር የሚኖሩት ብዙዎቹ መዥገሮች በሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው መንገደኛ ይጠብቃሉ። በደረቅ አገር በብዛት የሚገኘው ህያሎማ የተባለው፣ በተለይም የግመል መዥገር፣ ጠባዩ ሌላ ነው። እርሱ በአሸዋ ውስጥ፣ በድንጋይ ሥርና በዛፍ ጥላ ተሸሽጎ ይቈያል፤ የሚቀርበውን ፍጡር በትንፋሹ፣ በመሬቱ ንዝረትና በዓይኑም ጭምር ለይቶ እየሮጠ ይከተለዋል። እንግዲህ «ሣር በሌለበት በረሃ መዥገር ከየት ይመጣል» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ወደ ሜዳ ለሚወጣ ሰው

የጅቡቲ ነዋሪ የከተማውን ሙቀት ሸሽቶ ወደ አርታ ከፍታ፣ ወደ ጎዳ ተራራና በዚያ ወዳለው የዳይ የጥድ ደን መውጣት ይወዳል። ከብት ነጂውና የጭነት መኪና ሹፌሩም በየመንገዱ ዳር ያርፋሉ። በዚህ ፀሐይ በበዛበት ምድር መንገደኛው የሚመኘው ጥላ ፍየሉና ግመሉም የሚመኙት ጥላ ነው። ስለዚህ በግራር ሥር ከመቀመጥ አስቀድሞ መሬቱን መመልከት ይገባል፤ ፋንድያና በጠጥ የበዛበት ከሆነ ሌላ ሥፍራ መፈለግ ይሻላል። ሌላ ሥፍራ ባይገኝም በባዶ መሬት ከመተኛት ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ መተኛት ይመረጣል።

ልብስን በተመለከተ፣ ሽርጥና ነጠላ ጫማ ለከተማ ይመቻሉ፤ ከብት ወደሚያርፍበት ሥፍራ ለሚሄድ ግን ረጅም ሱሪ፣ የተሸፈነ ጫማና የሱሪውን ጫፍ የሚውጥ ካልሲ ይሻላሉ። ልብሱ ነጣ ያለ ቢሆን መዥገሯ ስትወጣ ቶሎ ትታያለች። ዲኢት ወይም ፒካሪዲን ያለበትን ቅባት በተገለጠ ገላ ላይ መቀባት ይጠቅማል። ፐርሜትሪን የተባለው መድኃኒት ግን ለልብስና ለጫማ እንጂ ለገላ አይደለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገላን መታጠብና መላ ሰውነትን መፈተሽ አይዘንጋ። መዥገር የምትመርጠው ስውር ሥፍራን ነው፤ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጕልበት ማጠፊያ፣ ቀበቶ የሚያርፍበት ወገብ፣ በልጆችም ላይ የራስ ጠጕር ውስጥ ትገኛለች።

ተጣብቃ ስትገኝ

ቅቤ መቀባት፣ ላምባ ማፍሰስና በእሳት መለብለብ በየአገሩ የተለመዱ ናቸው። ሁሉም መተው አለባቸው፤ ጊዜ ከማባከናቸውም በላይ መዥገሯን በማስጨነቅ በውስጧ ያለውን ወደ ቍስሉ እንድትተፋ ሊያደርጓት ይችላሉ። የሚበጀው መሣሪያ እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ ነው። በወረንጦው ጫፍ መዥገሯን ሆዷን ሳይጫኑ፣ ከቆዳው አጠገብ ከአፏ ላይ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ከዚያም ሥፍራውንና እጅን በሳሙናና በውሃ አጥቦ አልኮል ማድረግ ይገባል።

የተነቀለችውን መዥገር በጥፍር መጨፍለቅ ክፉ ልማድ ነው፤ ደሟ በተጫረ ጣት በኩል በሽታ ሊያስገባ ይችላልና። አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መጣል ይሻላል። የተነቀለችበትንም ቀን በማስታወሻ ላይ መጻፍ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

ከዚህ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ራስን መጠበቅ ያስፈልጋል። በነከሰችበት ሥፍራ ጥቍር ቅርፊት ቢታይ፣ ንፍፊት ቢያብጥ፣ ራስ ምታትና ትኩሳት ቢመጣ፣ የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የተባለው ሊሆን ይችላል። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች ተገኝቶ፣ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪካይ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ይድናል። ነገር ግን ድንገተኛ ብርቱ ትኩሳት፣ የወገብና የጡንቻ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ይልቁንም ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም መፍሰስ ከታየ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። አስታማሚውም የበሽተኛውን ደም በባዶ እጁ አይንካ።

ጅቡቲ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ስለሆነች፣ አማርኛ ተናጋሪው በሽተኛ ለሐኪሙ ቃሉን መንገር እንዲችል ይህን ያስታውስ፤ መዥገር በፈረንሳይኛ «ቲክ»፣ በሶማልኛ «ሺልን»፣ በዓረብኛ «ቁራድ» ትባላለች። ይህች አንዲት ቃል በጊዜ ከተነገረች የሐኪሙን ምርመራ ታሳጥራለች።

የነጋዴውና የአስተዳዳሪው ድርሻ

ነጋዴው በመዥገር የሚጐዳው በብዙ መንገድ ነው። ከብቱ ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፤ አምብሊዮማ የተባለው ረጅም አፍ ያለው መዥገር ጡትን ያቈስላል፣ ቆዳንም ይበሳል፤ የተበሳ ቆዳና ሌጦም ከደረጃው ዝቅ ብሎ ይሸጣል። ይኸው መዥገር በበግና በፍየል ላይ የልብ ውሃ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ለፀረ መዥገር መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ እንደ ኪሳራ ሊቈጠር አይገባውም። መድኃኒቱ ግን በእንስሳት ሐኪም ምክርና በተጻፈው ልክ መሆን አለበት፤ በጥቂቱ እያቀጠኑ መርጨት መዥገሮቹን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን ያለምዳቸዋል።

አስተዳዳሪውም የዓለም የጤና ድርጅትን ምክር መሠረት አድርጎ ሊሠራ የሚችለው ሥራ አለ። ከብቱ ወደ ቄራ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መድኃኒት ቢረጭለት አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ለአራጁና ለቆዳ ገፋፊው ጓንትና የሥራ ልብስ መስጠት፣ የማቈያውን በረት ስንጥቅ መድፈን፣ ፋንድያውንም በየጊዜው ማስወገድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት የሚጋለጠው በቀን ደመወዝ ቆዳ የሚገፈው ሠራተኛ ነው፤ እርሱ ቢታመም የሚያስተዳድራቸው ልጆች ይራባሉ። ጓንቱን ከገዛ ገንዘቡ እንዲገዛ መተውም ተገቢ አይደለም።

እንግዲህ ወረንጦና ሳሙና፣ ረጅም ካልሲና በሐኪም የታዘዘ የከብት መድኃኒት ዋጋቸው ከአንድ ወር የወደብ መዘጋት ጋር ሲመዛዘን ከምንም አይቈጠርም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን የከብት ነጋዴውም፣ የቄራው ሹምም፣ ለሽርሽር የሚወጣውም ቤተ ሰብ ቢሠሩበት መልካም ነው።