መጽሐፉ አለ፣ ካታሎጉ ግን «የለም» ይላል

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር አንባቢ ግን የአንዱን ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ካታሎግ ከፍቶ ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ቢጽፍ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሊመጣለት ይችላል። በስልክ መልእክት እንደምንጽፈው በላቲን ፊደል ቢሞክረውም ያው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ገጹን ይዘጋል፤ «እነሱ ጋ የለም» ብሎም ለወዳጆቹ ያወራል። መጽሐፉስ አለ፤ ያልተስማሙት የሰውየው አጻጻፍና የካታሎጉ አጻጻፍ ናቸው።

ጉግል ስላስለመደን ማንኛውም የፍለጋ ሳጥን የልባችንን የሚያውቅ ይመስለናል። ጉግል ፊደል ብንስት ያርማል፣ የጎደለውን ይገምታል። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በአብዛኛው እንዲህ አይንከባከበንም። ከሳጥኑ ጀርባ ያለው፣ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው የቃላት ማውጫ፣ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ መዝገቦች ውስጥ እንዳለ የተዘረዘረበት ኢንዴክስ ነው። ኮምፒውተሩ የጻፍነውን ከማውጫው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል፤ ከገጠመ መዝገቡን ያመጣል፣ ካልገጠመ የለም ይላል። የመጽሐፉን ውስጥ አያነብም። የሚያየው የካታሎግ ባለሙያ ስለ መጽሐፉ የሞላውን አጭር ቅጽ ብቻ ነው።

ቅጹ ማርክ ይባላል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሄንሪየት አቭራም የመራችው ቡድን ነው ያዘጋጀው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅጹ ላይ እያንዳንዱ መረጃ መለያ ቁጥር አለው፤ ዋናው የደራሲ ስም 100፣ ርዕሱ 245፣ ርዕሰ ጉዳዩ 650 ላይ ይሞላል። በፍለጋ ሳጥኑ አጠገብ «ደራሲ» ወይም «ርዕስ» የሚለውን ስንመርጥ ኮምፒውተሩ ለዚያ ከተመደቡት ክፍሎች ውጭ ዞር ብሎ አያይም።

ማርክ ሲፈጠር የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም መደበኛ ቦታ አልነበረውም። ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የአማርኛ መጻሕፍትን ርዕስ ወደ ላቲን ፊደል እየገለበጡ ነበር የሚመዘግቡት፤ የቆዩት መዝገቦችም በብዛት እንደዚያው ቀርተዋል። አገለባበጡ የእኛን የስልክ ልማድ አይከተልም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጋራ ያወጡት ሰንጠረዥ አለው።

ልዩነቱን ቀረብ ብለን እንየው። «መቃብር»ን በስልክ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ኤም፣ ኢ፣ ኬ፣ ኤ፣ ቢ፣ አይ፣ አር እንላለን። በሰንጠረዡ መሠረት ግን ኤም፣ ኤ፣ ኪው፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር ነው። ከሰባት ፊደል ሦስቱ ተለያዩ፤ ኮምፒውተሩም ሁለቱን ቃላት የሚያዛምድበት ምክንያት የለውም። ደንቡ አንዴ ከገባን ቀላል ነው። እኛ ለግዕዙ «መ» «ኢ» ስንሰጠው ሰንጠረዡ «ኤ» ይሰጠዋል፤ እኛ ለሳድሱ «ብ» «አይ» ስንሰጠው እሱ «ኢ»። «ቀ» ምንጊዜም በ«ኪው» ነው። ራብዑ «ቃ» ከግዕዙ «ቀ» የሚለየው በ«ኤ» ራስ ላይ በምትቀመጥ ሰረዝ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ካታሎጎች በፍለጋ ጊዜ ሰረዟን ስለማይቆጥሯት እኛም ብንተዋት አንጎዳም። አንዳንድ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የራሳቸውን አገለባበጥ ይከተላሉ፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን መሞከር ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚፈልግ ካታሎግ ሲገኝስ ተገላገልን? ገና ነን። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን 1200፣ 1210 እና 1280 የሚል ልዩ ልዩ መለያ አላቸው። የደራሲውን ስም እንውሰድ። «ሐዲስ» ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፣ የመጨረሻው ደግሞ ስ ወይም ሥ። በ«ዓለማየሁ» መነሻ ላይ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አሉ፤ መድረሻው ላይ ሁ፣ ሑ፣ ኁ። ስድስት በሁለት፣ በአራት፣ በሦስት ቢባዛ 144 ይመጣል። ሲነበቡ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ 144 ሰው። ሞክሼ ፊደላትን አቻ አድርጎ እንዲቆጥር የተሰናዳ ካታሎግ ይህን ይፈታዋል፤ ካልተሰናዳ ግን መላው በእጃችን ነው። ከርዕሱ ውስጥ ሞክሼ የሌለባቸውን ቃላት መርጦ መጻፍ ይበቃል። «ፍቅር» እና «መቃብር» አንድም ሞክሼ ፊደል የለባቸውም፤ «እስከ» ግን ሁለት አለበት። ስለዚህ «እስከ»ን ትቶ ሁለቱን ብቻ ማስገባት ሙሉውን ርዕስ ከመጻፍ ይሻላል።

ሌላ ብዙ የሚመከር ዘዴ አለ፤ ቃሉን ቆርጦ መጨረሻው ላይ የኮከብ ምልክት ማድረግ። በእንግሊዝኛ «ኢትዮፕ» ድረስ ጽፎ ኮከቧን ያስከተለ ሰው አገሪቱንም ሕዝቧንም የሚመለከቱ ቃላትን ባንድ ጊዜ ይሰበስባል። በአማርኛ ግን ምክሩ እንዳለ አይሠራም፤ እንዲያውም የፍለጋ መመሪያዎች ይህን አለማንሳታቸው ይገርመኛል። ቋንቋችን ከፊትም ይቀጥላል። «ኢትዮጵያ» ብሎ ኮከብ ያደረገ ሰው «የኢትዮጵያ ታሪክ»ንም «ስለኢትዮጵያ»ንም አያገኝም፤ ኮከቧ የምትሠራው ከቃሉ በኋላ ላለው ነውና። ስለዚህ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» የተጨመረበትን ለየብቻ መፈለግ ግድ ነው። ከኋላም ቢሆን ወጥመድ አለ። «መጽሐፍ» ላይ «ኡ» ሲጨመር አዲስ ፊደል አይመጣም፤ «ፍ» ራሷ «ፉ» ትሆናለች። በዚህ ምክንያት «መጽሐፍ» ብለን ኮከብ ብናደርግ «መጽሐፉ» አይመጣም። የመጨረሻዋን ፊደል ጥሎ «መጽሐ» ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። የምዕራባውያን ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ይመዘገባል፤ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን በራሱ ስም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ «ባሕሩ» በሚለው ሥር ናቸው። ይሁንና አሜሪካ አድጎ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ዲናው መንግሥቱ «መንግሥቱ፣ ዲናው» ተብሎ ተገልብጧል። ካታሎጉ ስሙን የሚያስቀምጠው ጸሐፊው በሚታወቅበት አገር ልማድ ስለሆነ፣ በአንደኛው ሲጠፋ በሌላው ማየት ነው።

ዓመትን በማጣሪያ የሚወስን ሰውም ይጠንቀቅ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ባለሙያው መጽሐፉ ላይ ያለውን 1958 ይገለብጥና አጠገቡ በማዕዘን ቅንፍ «1965 ወይም 1966» የሚል ይጨምራል። ማጣሪያው የሚቆጥረው የቅንፉን ነው፤ በ1958 የወሰነ ሰው መጽሐፉን በገዛ እጁ ይሰውረዋል።

እስካሁን ያልነው ርዕሱን ወይም ደራሲውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ርዕሰ ጉዳይ ብቻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ፈተናው ሌላ ነው፤ እኔ የካታሎግ ትልቁ ጉልበት ያለው እዚህ ይመስለኛል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1898 ጀምሮ ለየርዕሰ ጉዳዩ አንድ የተወሰነ መጠሪያ እየመረጠ ይመዘግባል። የማይጨውን ጦርነትና የአምስቱን ዓመት የጠላት ወረራ መነሻ የሚያጠና ሰው በነዚህ ስሞች ቢደክም ከዚያ መዝገብ አይደርስም፤ የካታሎጉ መጠሪያ በእንግሊዝኛ «ኢታሎ-ኢትዮፒያን ዋር፣ 1935-1936» ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልግ ሰው ደግሞ «ኢትዮፒያን ፉድ» ማለቱን ትቶ «ኩኪንግ፣ ኢትዮፒያን» ይበል። ይህም እስከ 2010 ድረስ «ኩከሪ» ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው የተለወጠው።

እነዚህን መጠሪያዎች ማንም በቃሉ አያጠናም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ቢሆኑ። የሚያደርጉት ሌላ ነው። በፈለጉት ቃል፣ በተንጋደደ አጻጻፍም ቢሆን፣ አንድ የሚረባ መጽሐፍ ያገኛሉ። ከዚያ ዝርዝሩን ትተው የዚያን መጽሐፍ ሙሉ መዝገብ ከፍተው ያነቡታል። የደራሲው ስም እንዴት ተጻፈ? ርዕሰ ጉዳዩ ላይ ምን የሚል ሰፈረ? መጠሪያውን ሲጫኑት በዚያው ሥር የተመዘገበው ሁሉ ይዘረገፋል፣ ርዕሱ ውስጥ ጦርነት የሚል ቃል የሌለው የአርበኛ ማስታወሻ ጭምር። ባለሙያው መጽሐፉን አገላብጦ አይቶ ስለ ምን እንደሆነ አንዴ ፈርዷል፤ እኛ የምንጠቀመው ፍርዱን ነው።

ቃላትን ስለማጣመር ብዙ አልልም። «ኤንድ» ያጠባል፣ «ኦር» ያሰፋል፣ «ኖት» ያስወግዳል፤ ሒሳቡ ጆርጅ ቡል በ1854 ካሳተመው መጽሐፍ የመጣ ነው። ለአማርኛ ፈላጊ ከሦስቱ የሚጠቅመው «ኦር» ነው፤ የአንድን ስም ሦስት አራት አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ለመጠየቅ ያስችላል። «ኖት»ን ግን አልመክርም፤ የምንፈልገውንም ጠርጎ ሊሄድ ይችላል። ባሰፋን መጠን የማይረባው አብሮ እንደሚጎርፍ፣ ባጠበብን መጠን የሚረባው እንደሚያመልጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሲሪል ክሌቨርደን በእንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ላይ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ባካሄዳቸው ሙከራዎች ታይቷል። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ጀምሮ እያዩ ማጥበብ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይገኝ ነገር አለ። ካታሎግ የሚመዘግበው መጽሐፉንና መጽሔቱን እንጂ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ አይደለም። በ1963 መታተም የጀመረውን «ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ» የሚፈልግ ሰው የመጽሔቱን ስም ካታሎግ ላይ ያገኛል፤ በአንዱ እትም ውስጥ ስለ ጎንደር አብያተ መንግሥት የወጣ ጽሑፍ የሚፈልግ ግን ጄስቶርን የመሰለ የጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ ይግባ። እዚያ ደግሞ የሚፈለገው በጽሑፉ ሙሉ ቃል ስለሆነ ኮምፒውተሩ የሚያመሳክረው የባለሙያውን ሳይሆን የጸሐፊውን አጻጻፍ ነው፤ ጎንደርን አንዱ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኢ» የጻፈበት ብዙ አለ።