«ልጄን አታጉርሱብኝ»

በአገራችን ልማድ ልጅን ማጉረስ ፍቅር ነው። ከማዕድ ቀርቦ ያልጎረሰ ልጅ የታየ እንደሆነ «ምነው ጨከንሽ?» ተብላ የምትወቀሰው እናት ናት። እዚህ አሜሪካ የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ግን በየክርስትናውና በየልደቱ ግብዣ «እባካችሁ ልጄን አታጉርሱብኝ» እያለች ስትለምን 5 ዓመት ሆኗታል። ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃናለች።

የ6 ዓመቱ ትንሹ ልጇ ሲትሩሊኔሚያ የሚባል፣ በዘር የሚተላለፍና በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ በሽታ አለበት። ሰውነታችን ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን ሲጠቀምበት አሞኒያ የተባለ መርዛማ ነገር ይተርፋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ይለውጠውና በሽንት ይወጣል። የዚህ ልጅ ጉበት ግን ለሥራው ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ ይጎድለዋል። አሞኒያው በደም ውስጥ ሲጠራቀም ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ቶሎ ካልታከመ አንጎሉ ይጎዳል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የሚበላው በግራም ይመዘናል። «ሰው የተከለከለው ሥጋ ብቻ ይመስለዋል። የጾም ነው ብሎ ሽሮና ምስር ያቀርብለታል፤ እነሱም እኮ ፕሮቲን አላቸው» ትላለች። ሳይበላ መዋልም አደጋ ነው፤ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራልና። ለሌላው ልጅ ቀላል የሆነ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ እሱን ሆስፒታል ያስተኛዋል። ከቤታቸው በር አጠገብ ዘወትር አንድ ቦርሳ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ልብስ፣ መድኃኒትና ከሐኪሙ የተጻፈ ደብዳቤ አለበት። ደብዳቤው የልጁ አሞኒያ ሳይዘገይ እንዲመረመርና ግሉኮስ በደም ሥሩ እንዲሰጠው ለድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ያስረዳል።

መጀመሪያ የተኛ ጊዜ ለወላጆቹ ታስተረጉም የነበረችው የ9 ዓመት እህቱ ነበረች። «ሐኪሙ ሲናገር ልጅቷ ዝም አለች። ምን አለ ስላት አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ አስተርጓሚ አንዲት ወረቀት አልፈርምም» ትላለች እናት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አንባቢያን ልብ ይበሉ። በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግም፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራና መመዘኛውን የሚያሟላ ወላጅ፣ በጠና የታመመ ልጁን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል።

ከበሽታው ይልቅ ያቆሰላት ወሬ ነው። «እርግማን ነው» ያለ አለ፤ «በእሷ ወገን የመጣ ነው» ያለም አለ። እውነቱ ግን በሽታው የሚከሰተው ሁለቱም ወላጆች እነሱ ሳይታመሙ የተበላሸውን ጂን ሲያስተላልፉ ነው። እንዲህ ባሉ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ጥፋተኛ የለም።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ጊዜ ያለው እህትየዋን ከትምህርት ቤት ያምጣ። ለልጁ የሚሰጠውን ከመስጠታችን በፊት እናቱን እናስፈቅድ።

ስንሰናበታት ፈገግ ብላ «ማጉረስ ያማረው እኔን ያጉርሰኝ» አለችን። «ሆስፒታል ስንገባ እህል የሚያስታውሰኝ የለም።»