ከመኪና በስተኋላ የሚከተል ቤት

ለእኛ የዝናብና የጭቃ ወራት የሆኑት ሐምሌና ነሐሴ ለብሪታንያ ሰዎች የፀሐይና የዕረፍት ጊዜ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባትና እናት ልጆቻቸውን በመኪና አሳፍረው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ተራራማው አገር ይጓዛሉ። ብዙዎቹም የሆቴል ኪራይ አያሳስባቸውም፤ አልጋው፣ ምድጃውና ጠረጴዛው ካራቫን በሚባለው ባለ ጎማ ቤት ውስጥ ሆኖ ከመኪናው በስተኋላ ይከተላቸዋልና።

ይህ ልማድ አውቶሞቢልን ይቀድማል። ቀድሞ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጎርደን ስቴብልስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. «ዋንደረር» ብሎ የሰየመውን ቤት በሁለት ፈረሶች እያስጎተተ ከደቡብ እንግሊዝ ተነሥቶ በስኮትላንድ እስከምትገኘው እስከ ኢንቨርነስ ከተማ ተጓዘ። ቤቱ ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ስለ ነበረ፣ ዶክተሩ አሽከሩን በባለ ሦስት እግር ብስክሌት ከፊት እያስቀደመ በመንገዱ የሚመጣውን ሰው ያስጠነቅቅ ነበር።

ዛሬ በፈረሱ ፈንታ መኪና ገብቷል፤ ችግሩ ግን ያው ነው። ጥያቄው «ይህ መኪና መጎተት ይችላልን?» የሚለው ብቻ አይደለም። ጠንካራ ሞተር ያለው ትንሽ መኪና በሜዳ ላይ ከባድ ካራቫን ይጎትት ይሆናል። ዋናው ጥያቄ፣ ነፋስ ከጎን ሲመታ፣ ቁልቁለት ሲያጋጥም፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ፣ ማን ማንን ይመራል? የሚለው ነው።

ስለዚህ መኪና የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ክብደትን ነው። በብሪታንያ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር፣ የካራቫኑ ክብደት ከነዕቃው ከባዶ መኪናው ክብደት ከመቶ 85 እጅ አይብለጥ የሚል ነው። መኪናው 1,500 ኪሎ ቢመዝን ካራቫኑ ከነጭነቱ ከ1,275 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል ማለት ነው። ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። የመኪናው ፋብሪካ የወሰነውን የመጎተት ልክ ማለፍ ግን በሕግ ያስጠይቃል።

ከክብደት ቀጥሎ የሞተሩ ጉልበት ይታያል። ለመጎተት የሚጠቅመው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ጉልበት ነው። ብዙዎች ለዚህ ሥራ የናፍጣ መኪና የሚወዱትም ስለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከባድና ጉልበተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ካራቫን ሲጎትቱ አንድ ጊዜ ተሞልተው የሚሄዱት ርቀት ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተሳቢ እንዲጎትቱ ከቶ አልተፈቀደላቸውም።

መኪናው ከተመረጠ በኋላ አጫጫኑ ይከተላል። በቅሎ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ጭነት ሲያጋድል ምን እንደሚሆን አይስተውም። ከባዱ ዕቃ በወለሉ ላይ፣ በጎማዎቹ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይውጣ። የካራቫኑ አፍንጫ በመኪናው መጎተቻ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከካራቫኑ ክብደት ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ ቢሆን መልካም ነው። ይኸውም ለ1,200 ኪሎ ካራቫን ከ60 እስከ 84 ኪሎ መሆኑ ነው፤ መጎተቻው ከሚችለው ግን አይለፍ። ዕቃው ወደ ኋላ ከበዛና አፍንጫው ከቀለለ ካራቫኑ እንደ እባብ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል።

በዚያን ጊዜ ልብ ይደነግጣል፤ እግርም ወደ ፍሬን ይሮጣል። ይህ ስሕተት ነው። ፍጥነት ጨምሮ ለማምለጥ መሞከር ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። የሚገባው መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ አድርጎ ማንሣትና መኪናው በራሱ እስኪበርድ መታገሥ ነው። ካራቫን የሚጎትት ሰው በብሪታንያ በሞተርዌይ ላይ በሰዓት ከ60 ማይል፣ ማለት ከ97 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዳያልፍ ሕግ የወሰነውም በከንቱ አይደለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አዋቂ ነጂ ከመነሣቱ በፊት የማያያዣውን መቆለፊያ በእጁ ይፈትሻል፤ የኋላ መብራቶቹ መብራታቸውን ያያል፤ የጎማዎቹን ነፋስ ይለካል። ካራቫኑ ድንገት ከመኪናው ቢለያይ የራሱን ፍሬን የሚያስይዝለት ቀጭን ገመድ አለ፤ እርሱንም ሳያስር አይንቀሳቀስም።

በብሪታንያ ከ1997 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ሁለተኛ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በዲሴምበር 2021 ዓ.ም. ይህ ፈተና ቀርቶ ተራው የመኪና ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ለሚደርስ ተሳቢ እንዲበቃ ተደረገ። ፈታኙ በሌለበት ጊዜ ነጂው ራሱን በራሱ መፈተን አለበት። ልጆቹ በኋላ ወንበር ተኝተዋል፤ ቤቱም ከበስተኋላቸው ይከተላል። ሁሉም በደኅና እንዲደርሱ ሚዛኑንና ማያያዣውን የሚመለከተው የአባት ወይም የእናት ዓይን ብቻ ነው።