ገዢ ያጣው ዳማ

በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካናዳዊው ባለሀብት ኢ. ፒ. ቴይለር በእርሻቸው የተወለዱትን የአንድ ዓመት ውርንጭላዎች ለሽያጭ አቀረቡ። እንደ ልማዳቸው ለእያንዳንዱ አስቀድመው ዋጋ ቆርጠው ነበር፤ የወደደ በዚያው ዋጋ ይወስዳል። ለአንድ ዳማ ወንድ ውርንጭላ የተቆረጠው 25,000 ዶላር ነበር። ግንባሩ ላይ ጠመም ብሎ የሚወርድ ነጭ ቦራ አለው፤ ሦስት እግሮቹ ከታች ነጭ ናቸው፤ ሰውነቱ ደንዳና ቢሆንም ቁመቱ አጭር ነው። ገዢዎች አይተውት አለፉ። ቴይለርም ለራሳቸው አስቀሩት። ይህ ፈረስ ኖርዘርን ዳንሰር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሮጡ የቶሮብሬድ ዝርያ የእሽቅድምድም ፈረሶችን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው እሱን ሳያገኝ መቅረቱ እጅግ ያጠራጥራል።

ስለ ፈረስ ዘር ሲወራ የአባት ስም ይቀድማል። እኔ ግን የዚህ ፈረስ ታሪክ የሚጀምረው ቴይለር ከገዟቸው ሁለት ባዝራዎች ነው ባይ ነኝ። አንደኛዋ በ1952 ከእንግሊዝ ኒውማርኬት ጨረታ የተገዛችው ሌዲ አንጄላ ናት። ያኔ ከታላቁ ጣሊያናዊ ድንጉላ ከኔርኮ አርግዛ ነበር፤ ቴይለር ግን ወደ ካናዳ ከመሻገሯ በፊት ከዚያው ድንጉላ ጋር ዳግም እንድትገናኝ አደረጉ። ከሁለተኛው ግንኙነት በ1954 ኒያርክቲክ ተወለደ። ሁለተኛዋ ባዝራ በ1958 በአሜሪካ ሳራቶጋ በ35,000 ዶላር የተገዛችው ናታልማ ናት። ናታልማ ፈጣን ነበረች። በ1960 ለኬንታኪ ኦክስ ውድድር ስትዘጋጅ ጉልበቷ ላይ ተጎዳችና ሩጫዋ በዚያው አበቃ። የስሪያው ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ በጁን ማብቂያ፣ ወደ ኒያርክቲክ ወሰዷት።

ባዝራ የምታረግዘው አሥራ አንድ ወር ያህል ነው። ኖርዘርን ዳንሰር ኦንታሪዮ ውስጥ ኦሻዋ ላይ የተወለደው በግንቦት፣ በፈረንጆቹ ሜይ 27 ቀን 1961 ነበር። በሰሜኑ የምድር ክፍል የቶሮብሬድ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ፣ በግንቦት የተወለደ ውርንጭላ በጥር ከተወለደው እኩል ዕድሜ ተሰጥቶት ይወዳደራል። ገዢዎቹ ያዩት ትንሽነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ካደገም በኋላ ከመሬት እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። አሰልጣኙ አርጀንቲናዊው ሆራሺዮ ሉሮ ይኮላሽ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ቴይለር እምቢ አሉ። በፈረስ እርባታ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው እምቢታ አላውቅም።

በ1963 በፎርት ኢሪ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያሸንፍ ጋላቢው ገና ልምምድ ላይ የነበረው ሮን ተርኮት ነበር። በዚያ ዓመት ከዘጠኝ ውድድሮች ሰባቱን አሸነፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የፊት ኮቴው ተሰነጠቀ። የኮቴ ስንጥቅ ፈረስን ለወራት ያሳርፋል፤ ኮቴ እንደ ጥፍር ቀስ ብሎ እያደገ ነውና የሚሽር። ከካሊፎርኒያ የመጣ ባለሙያ ግን በስንጥቁ ላይ ጎማ በሙቀት አጣበቀበት። ፈረሱ ያን ጎማ እንደለጠፈ ልምምዱን ቀጠለ።

በ1964 የጸደይ ወቅት ስመ ጥሩው ጋላቢ ቢል ሹሜከር በእሱ ላይ ሆኖ የፍሎሪዳ ደርቢን ካሸነፈ በኋላ ለኬንታኪ ደርቢ ሂል ራይዝ የተባለውን ግዙፍ ፈረስ መረጠ። ኖርዘርን ዳንሰርን ቢል ሃርታክ ተረከበው። ሜይ 2 ቀን፣ ሦስተኛ ዓመቱ ሊሞላው 25 ቀን ሲቀረው፣ የሁለት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ተጀመረ። በመጨረሻው ኩርባ ላይ ሂል ራይዝ በሌሎች ፈረሶች ተከቦ መውጫ ሲያጣ ሃርታክ ቀድሞ ለቀቀው። ትንሹ ፈረስ እርምጃው አጭር ነው፤ ግን በቅጽበት ፍጥነት ይጨምራል። ሂል ራይዝ ከከበባው ሲወጣ በረጃጅም እርምጃ እየበላው መጣ፤ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ኖርዘርን ዳንሰር በአንገት ቀደመ። ሰዓቱ ድፍን ሁለት ደቂቃ፣ የውድድሩ አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ። ካናዳ ውስጥ የተወለደ ፈረስ ደርቢውን ሲያሸንፍም የመጀመሪያው ነው። ክብረ ወሰኑን በ1973 ሴክሬታሪያት ሲሰብረው በጀርባው ላይ የነበረው ያው ሮን ተርኮት ነበር።

የፕሪክነስ ውድድርንም አሸነፈ፤ በረጅሙ የቤልሞንት ውድድር ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ በቶሮንቶ የንግሥቲቱን ዋንጫ ኩዊንስ ፕሌትን ወሰደ። ይህ የመጨረሻው ሆነ፤ የፊት እግሩ ጅማት ተጎድቶ ከሩጫ ተሰናበተ። 18 ጊዜ ሮጦ 14 አሸንፏል፤ በቀሪዎቹ አራት ሁለተኛና ሦስተኛ ወጥቷል።

በ1965 ለስሪያ ሲቀርብ ክፍያው 10,000 ዶላር ነበር። ቶሮብሬድ ሆኖ ለመመዝገብ ውርንጭላው በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለ መሆን የለበትም፤ ድንጉላውና ባዝራዋ የግድ ይገናኛሉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ ድንጉላ በዓመት የሚያገኛቸው ባዝራዎች 40 ያህል ብቻ ነበሩ። ለኖርዘርን ዳንሰር ደግሞ ቁመቱ እንቅፋት ሆነ። ወደ ሜሪላንድ ከተዛወረ በኋላ ከረጃጅም ባዝራዎች ጋር እንዲመጣጠን የሚቆምበት ጉብታ ተሠራለት።

ስሙን ከአትላንቲክ ማዶ ያሻገረው ልጁ ኒጂንስኪ ነው። አየርላንዳዊው አሰልጣኝ ቪንሰንት ኦብራየን ካናዳ ሄደው አዩት፤ ደንበኛቸው በ84,000 ዶላር ገዛው። በ1970 የእንግሊዝን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም ሁለት ሺህ ጊኒን፣ ደርቢንና ሴንት ሌጀርን አጠቃልሎ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን የደገመ ፈረስ የለም። ኦብራየን ከዚያ በኋላ የኖርዘርን ዳንሰርን ልጆች እየተከታተሉ ከሸሪኮቻቸው ጋር መግዛት ጀመሩ። በ1984 የኤፕሰም ደርቢ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሴክሬቶና ኤል ግራን ሴኞር ሁለቱም የእሱ ልጆች ነበሩ። የተሸነፈውን ያሰለጠኑት ቪንሰንት ኦብራየን፣ ያሸነፈውን ያሰለጠነው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ዴቪድ ነው።

ዱባይም ተከተለች። የመክቱም ቤተሰብ በ1981 በ3.3 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሸሪፍ ዳንሰር በ1983 የአየርላንድ ደርቢን አሸነፈ። በቀጣዩ ወር የዚሁ ቤተሰብ አባል ሼክ ሞሐመድ በኬንታኪው የኪንላንድ ጨረታ ለሌላ የኖርዘርን ዳንሰር ውርንጭላ 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። የጨረታው ሰሌዳ ለስምንት አሃዝ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ስናፊ ዳንሰር የተባለው ያ ውርንጭላ አንድም ቀን ሳይወዳደር ቀረ፤ ለዘርም ብዙ አልሆነም። ያም ሆኖ ለአባቱ የሚጠየቀው የስሪያ ክፍያ በ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ኖርዘርን ዳንሰር በ1990 ሞተ፤ አስከሬኑ ከሜሪላንድ ወደ ኦሻዋ ተወስዶ ተቀበረ።

ብዙ ድንጉላዎች ጥሩ ሯጭ ይወልዳሉ። ኖርዘርን ዳንሰርን የሚለየው ልጆቹ ራሳቸው የተዋጣላቸው አባቶች መሆናቸው ነው። ከልጆቹ አንዱ ሳድለርስ ዌልስ 14 ጊዜ የብሪታንያና የአየርላንድ ቀዳሚ ድንጉላ ሆነ፤ የሳድለርስ ዌልስ ልጅ ጋሊሊዮ 12 ጊዜ። ሦስት ጊዜ ብቻ ሮጦ ሦስቱንም ያሸነፈው ሌላው የኖርዘርን ዳንሰር ልጅ ዳንዚግ ዴንሂልን ወለደ። በ14 ውድድር አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ፍራንኬል አባቱ ጋሊሊዮ፣ የእናቱ አባት ደግሞ ዴንሂል ነው፤ ስለዚህ ኖርዘርን ዳንሰር በሁለቱም ወገን በዘር ሐረጉ ውስጥ ይገኛል። ናታልማ ደግሞ በሐረጉ ሦስት ጊዜ ትገኛለች፤ ዴንሂል በእናቱም በኩል ከእሷ የሚወለድ ነውና።

ይህ መደጋገም አርቢዎችን ያሳስባል፤ የተቀራረበ ዘር ሲደራረብ ጉድለቱም አብሮ ይደራረባል። ስለዚህ የጋሊሊዮን ሴት ልጆች ወደ ጃፓን፣ ወደ ሰንደይ ሳይለንስ ልጅ ወደ ዲፕ ኢምፓክት መላክ ተጀመረ። የ2018 የሁለት ሺህ ጊኒ አሸናፊ ሳክሰን ዋሪየርና የ2023 የኤፕሰም ደርቢ አሸናፊ ኦጉስት ሮዳን የተገኙት እንዲህ ነው። የሰንደይ ሳይለንስ አባት ሄሎ ግን ከአልማሙድ ልጅ የተወለደ ነው፤ አልማሙድ ደግሞ የናታልማ እናት ናት።