ማንም የሚመልስበት የመረጃ ማጣሪያ እንዴት ይታመናል?

አንድ መልእክት ስልክዎ ላይ ይደርሳል። «ለሚወዱት ሁሉ ያስተላልፉ» ይላል። እውነት ይሁን ፈጠራ እርግጠኛ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ሰውም አጡ እንበል። ለዚህ ሥራ ተብለው የተከፈቱ የጥያቄና መልስ መድረኮች በኢንተርኔት ላይ አሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ማስረጃ ፈልጎ ይመልሳል።

«መላሹስ ማን ነው? እሱም እንደኔው አንድ ተራ ሰው አይደል?» ብለው ቢያስቡ አልተሳሳቱም። መላሹ ማንም ሊሆን ይችላል። መድረኩን ከወሬ የሚለየው ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱን የሚያስከብሩት ሰዎች አወያዮች ይባላሉ፤ በቴሌግራም አድሚን የምንላቸው ማለት ነው። ሥራቸው እንዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚያስከፍል አንድ በአንድ እንየው።

የትኛውን መድረክ እንይ?

ስኬፕቲክስ የሚባለውን እንውሰድ። የተከፈተው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስታክ ኤክስቼንጅ ከተባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጾች ስብስብ አንዱ ነው። የስብስቡ መነሻ ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ በ2008 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የከፈቱት ስታክ ኦቨርፍሎው ነው።

መጠየቅም፣ መመለስም፣ ማንበብም በነፃ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ደንቦቹ ግን አማርኛ በሚነገርበት ቡድን ውስጥም ሳይቀየሩ ይሠራሉ።

ማንኛውንም ነገር መጠየቅ ይቻላል?

አይቻልም። ጥያቄው አንድ ሰው በእርግጥ ስለተናገረውና ብዙ ሰው ስለሰማው ነገር መሆን አለበት። ጠያቂው «የት ሰማኸው?» ይባላል። ሊንኩን ወይም የተባለውን ቃል በቃል ይዞ መምጣት ይጠበቅበታል።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ሆኑ? ማንም ያላለውን ነገር ውድቅ ማድረግ ጊዜ ማባከን ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ቃል ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። «ይከላከላል» እና «ያድናል» የሚጣሩት በተለያየ ማስረጃ ነው።

የማይስተናገዱም አሉ። «በሚቀጥለው ምርጫ ማን ያሸንፋል?» የወደፊት ትንቢት ነው። «ሚኒስትሩ ይህን ያሉት ምን አስበው ነው?» የሰው ልብ ማንበብ ነው። «የቱ ይሻላል?» ደግሞ የግል ምርጫ ነው። ሦስቱም በሰነድ አይጣሩም፤ ስለዚህ ይዘጋሉ። የተዘጋ ጥያቄ አዲስ መልስ አይቀበልም። ጠያቂው ካስተካከለው ግን እንደገና ሊከፈት ይችላል።

በተግባር ምን ይመስላል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ መድኃኒት ናቸው የሚሉ መልእክቶች ከስልክ ስልክ ሲዞሩ ብዙዎቻችን አይተናል። እንዲህ ያለው መልእክት ወደ መድረኩ ቢመጣ ጉዞው ምን እንደሚመስል እንከተል።

ጠያቂው «ነጭ ሽንኩርት ለኮሮና ጥሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ይጽፋል። አወያዩ ወዲያው «እውነት» ወይም «ውሸት» አይልም። «ማን አለ? እንዳንያዝ ይከላከላል ነው ያለው ወይስ የተያዘውን ያድናል? መልእክቱን እንዳለ ለጥፈው» ይለዋል። ጠያቂው የደረሰውን ገልብጦ ያመጣል፦ «በየቀኑ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በኮሮና አይያዝም።» አሁን የሚጣራ ነገር ተገኘ።

ከዚያ ሦስት መልሶች ይመጣሉ እንበል።

የመጀመሪያው «አክስቴ በየቀኑ ትበላ ነበር፤ ምንም አልሆነችም» ይላል። ይህ ይነሳል። ሰውየው ዋሽቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ሳይበሉም ያልተያዙ ብዙዎች ነበሩ። የአክስቱ ደህንነት ከሽንኩርቱ ይምጣ ከሌላ ነገር በዚህ አይታወቅም። እኛ አንባቢዎችም ልናረጋግጠው አንችልም።

ሁለተኛው «ነጭ ሽንኩርት አሊሲን የሚባል ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገር አለው፤ ስለዚህ ኮሮናንም ይገድላል» ይላል። ይህኛው አንባቢን በቀላሉ ያሳምናል፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። የፊተኛው ክፍል መነሻ አለው። ችግሩ «ስለዚህ» ካለው ጀምሮ ነው። ያን ድልድይ የሠራው መላሹ ራሱ ነው፤ በሰው ላይ የተደረገ ጥናት አላቀረበም። አወያዩ «ይህ መልስ ማስረጃ ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ካልተስተካከለ ይነሳል።

ሦስተኛው የዓለም ጤና ድርጅትን ማብራሪያ ጠቅሶ ይመጣል። ድርጅቱ ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ መሆኑንና ጀርም የመከላከል ባሕርይ ሊኖረው እንደሚችል ተናግሯል። ሆኖም መብላቱ ሰዎችን ከአዲሱ ኮሮና ቫይረስ እንደጠበቀ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሏል። መላሹ ሊንኩን አስቀምጧል፤ ከገጹም የሚመለከተውን ዐረፍተ ነገር ገልብጧል። ይህ መልስ ይቆያል።

ልብ ይበሉ፤ አወያዩ በየትኛውም ደረጃ ላይ ስለ ነጭ ሽንኩርት ያለውን አስተያየት አልተናገረም። የጠየቀው «ከየት አመጣኸው?» ብቻ ነው።

ሊንክ ካለ በቃ ማለት ነው?

አይደለም። ሊንክ ብቻውን ደካማ ነው። ገጹ ነገ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ዋናውን ቃል ገልብጦ ማስቀመጥ የሚፈለገው።

ቀጥሎ የተጠቀሰው ምንጭ የተባለውን በእርግጥ ማለቱ ይታያል። ብዙ ሰው የጥናቱን ርዕስ ብቻ አይቶ ይጠቅሳል። በአይጥ ላይ የተሞከረውን በሰው ላይ እንደተሞከረ አድርጎ የሚያቀርብም አለ። ስለዚህ ሊንኩን ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው።

ከዚያ ደግሞ የምንጩ ቅርበት አለ። ጋዜጣ ስለ ጥናት ከጻፈው ይልቅ ጥናቱ ራሱ ይመረጣል። ሰዎች ስለ አዋጅ ካወሩት ይልቅ አዋጁ ይመረጣል። በየእጁ ባለፈ ቁጥር ነገሩ ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ ይሄዳልና።

ታዲያ እውነቱን የሚወስነው ማን ነው?

አንባቢው ነው። መልሱን ያነበበ ሰው ጠቃሚ ነው ወይም አይደለም ብሎ ድምፅ ይሰጣል። መላሹ በእያንዳንዱ የድጋፍ ድምፅ 10 ነጥብ ያገኛል፤ በተቃውሞ 2 ነጥብ ያጣል። መልስን የሚቃወመውም ከራሱ 1 ነጥብ ይከፍላል። ይህ የተደረገው ሰው በብስጭት ብቻ እንዳይቃወም ነው።

ነጥብ ሲጠራቀም ኃላፊነት ይከተላል። በ15 ነጥብ የድጋፍ ድምፅ መስጠት ይቻላል። በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ሥር አስተያየት ለመጻፍ 50፣ ለመቃወም 125 ነጥብ ያስፈልጋል። ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ለመስጠት 3,000 ይጠየቃል። በዚህ መንገድ የቁጥጥሩ ሥራ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

«ብዙ ሰው የደገፈው ውሸት ቢሆንስ?» ይሉ ይሆናል። ይሆናል። ድምፅ የእውነት ሚዛን አይደለም። ለዚህም ነው ማስረጃ የሌለው መልስ ብዙ ድጋፍ ቢኖረውም ሊነሳ የሚችለው። በተቃራኒው ማስረጃ ያቀረበ መልስ አወያዩ ስላልተስማማበት ብቻ አይነሳም። አወያዩ ስህተት ነው ብሎ ካመነ እንደ ማንኛውም ሰው ይቃወማል፣ ወይም የተሻለ መልስ ይጽፋል። ማስረጃ የሌለውን የማንሳት ሥልጣንንና እውነቱን የመፍረድ ሥልጣንን መለየት የመድረኩ ምሰሶ ነው። ይህ መስመር ከጠፋ መድረኩ የአንድ ሰው አስተያየት ማሰራጫ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄው ትኩስ ሆኖ ሰው ቢጎርፍስ?

ይህ የዘወትር ችግር ነው። አንድ ጥያቄ ሲወራለት ደንቡን የማያውቅ ሰው ይጎርፋል። ሁሉም የመሰለውን ይጽፋል። ያኔ አወያዮች ጥያቄውን «ጥበቃ» ሥር ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ መመለስ የሚችለው በዚያው መድረክ ላይ ቢያንስ 10 ነጥብ ያገኘ ሰው ብቻ ነው።

አስተያየት መስጫውም ይጸዳል። ቦታው ጥያቄውን ወይም መልሱን ለማጥራት እንጂ ለክርክር አይደለም። በአስተያየት መልክ ሾልኮ የገባ ማስረጃ አልባ መልስም ይነሳል።

ሌላ ዘዴ የለም?

አለ። ትዊተር በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በርድዋች የተባለ ሙከራ በአሜሪካ ጀመረ። በኋላ ኮሚዩኒቲ ኖትስ ተብሏል፤ ድርጅቱም ኤክስ ሆኗል። እዚያ ተጠቃሚዎች አሳሳች በሆነ ጽሑፍ ሥር ማብራሪያ ይጽፋሉ፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች ማብራሪያውን ይመዝናሉ።

አመዛዘኑ ግን የተለየ ነው። ብዙ ድምፅ ማግኘት አይበቃም። በአብዛኛው የማይስማሙ ሰዎች በዚህኛው ላይ «ይጠቅማል» ብለው ሲገናኙ ነው ማብራሪያው ለሁሉም የሚታየው። ጥቅሙ አንድ ወገን ተባብሮ የራሱን ነገር ማሳለፍ የሚከብደው መሆኑ ነው። ጉዳቱ ጊዜ ነው፤ ስምምነቱ እስኪገኝ ወሬው ይሮጣል። በሚያከራክር ጉዳይ ላይ ደግሞ ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሙያ አጣሪዎች ጋር የነበረውን ሥራ አቁሞ ወደዚህ ዓይነት አሠራር እንደሚሄድ አስታውቋል።

ዋጋው ስንት ነው?

ለጠያቂው በገንዘብ ምንም ነው። የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በስታክ ኤክስቼንጅ አወያዮች በተጠቃሚዎች ይመረጣሉ፤ ደመወዝ የላቸውም።

ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። ወሬ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ያንኑ ለማጣራት ሰነድ መፈለግ፣ ማንበብና ማመሳከር ያስፈልጋል። አወያዩ ደግሞ የመላሹን ሥራ እንደገና ይፈትሻል።

ይህን ወጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አብዝቶታል። ማሽኑ በሰከንዶች ውስጥ ያማረ መልስ ይጽፋል። በዓለም ላይ የሌለ ጥናት ርዕስና ደራሲ ሰጥቶ ሊጠቅስም ይችላል። ስታክ ኦቨርፍሎው በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በቻትጂፒቲ የተጻፉ መልሶችን ከልክሏል። በቀጣዩ ዓመት የመድረኮቹ ባለቤት የሆነው ድርጅት አወያዮች እንዲህ ያሉ መልሶችን የማንሳት ሥልጣናቸውን ሲያጠብባቸው፣ በስብስቡ ውስጥ ያሉ ብዙ አወያዮች ሥራ አቆሙ። አድማው ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ቆይቶ በድርድር አበቃ። በነፃ የሚሠራ ሰው ድካሙ ካልተከበረለት ይሄዳል። እሱ ሲሄድ መድረኩ የወሬ መናኸሪያ ለመሆን ብዙ አይቆይም።

እኔ በቴሌግራም ቡድኔ ልጀምረው ብል?

ይችላሉ። መጀመሪያ ደንቡን በአጭሩ ጽፈው ከላይ ይሰኩት፦ «ጠያቂ የደረሰውን መልእክት እንዳለ ያመጣል፤ መላሽ ምንጩን ያሳያል፤ ስድብ ይነሳል።»

ቀጥሎ ተባባሪ አድሚኖች ይፈልጉ። ሁሉም እንደ እርስዎ የሚያስቡ አይሁኑ። በፖለቲካም በሃይማኖትም የተለየ አመለካከት ያላቸው ቢሆኑ፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል።

ቴሌግራም የሚረዱ ነገሮች አሉት። አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 1 ሰዓት የሚያዘገየውን ማስተካከያ ክርክር ሲሞቅ ያብሩት። የአድሚኖችን ድርጊት የሚመዘግበው ገጽ ያለፈውን 48 ሰዓት ያሳያል፤ ማን ምን እንዳነሳ እዚያ ይታያል። መልእክት ባነሱ ቁጥር ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ምክንያት ያልተነገረው ሰው ተንኮል የተሠራበት ይመስለዋል።

ሕጉንም ይወቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በማኅበራዊ ሚዲያም ላይ ይሠራል። ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ስለዚህ የሚጣራውን መልእክት ሲለጥፉ «ገና ያልተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ በራሱ በምስሉ ላይ ይኑር። ስክሪንሾት ተቆርጦ ሲላክም አብሮ ይሄዳል።

ከአቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ለባለሙያ ይተዉ። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በአማርኛ የመረጃ ማጣራት ሥራ ይሠራሉ። ከመጀመርዎ በፊት እነሱ አጣርተውት እንደሆነ መፈለግ ድካም ይቀንሳል።

የቆየው መልስ ኋላ ስህተት ሆኖ ቢገኝስ?

አጋጣሚው አይቀርም፤ አዲስ ጥናት ይወጣል፣ የድሮው ይሻራል። ያኔ መልሱ ይስተካከላል። በስኬፕቲክስ ላይ የቀደመው ጽሑፍ አይጠፋም፤ ምን እንደተቀየረ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። በቡድንዎ ውስጥም እንዲሁ ያድርጉ። የተሳሳተውን በዝምታ ከማጥፋት «ይህ ተስተካክሏል፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብለው እዚያው ይጻፉ። መጀመሪያ ያነበበው ሰው ምናልባት ለሌላ አስተላልፎታል፤ እርማቱንም የሚያስተላልፈው ሲያየው ነው።