ረፋድ ላይ የሚወርድ ስኳር

አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ስለሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጉ በሕይወት መቆየት አይችሉም።

ጤነኛ ቆሽት የደም ስኳር ሲቀንስ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይገታል። በመርፌ የገባን ኢንሱሊን ግን ማንም አያስቆመውም። በአገራችን ብዙዎች የሚወጉት ኤንፒኤች የተባለው ደፍረስ ያለ ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋች የ6ኛ ክፍል ተማሪ እንግዲህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከነበራት ደግሞ ጡንቻዎቿ ተጨማሪ ስኳር ስለሚወስዱ ይብስባታል።

መምህሩ ምን ያያል? ልጅቷ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከሰሌዳው አንዱን መስመር ደጋግማ ትገለብጣለች። ሲጠይቃት ትነጫነጫለች። ይህንን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ ከክፍል ማስወጣት አደገኛ ነው፤ አንጎሏ ስኳር አጥቷል።

የደም ስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ 15 ግራም ያህል ስኳር ወዲያውኑ ያስፈልጋታል፤ በውሃ የተበጠበጠ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አለዚያም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ስኳር አልባው ለስላሳ አይረባም፤ ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው አይመረጥም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ካልተስተካከለ ይደገማል። መለኪያ ካልተገኘም ስኳሩን መስጠት ይቀድማል። ይህ ሁሉ እዚያው በተቀመጠችበት ይሁን። «ቢሮ ሂጂ» ብሎ ብቻዋን መላክ ደረጃ ላይ እንድትወድቅ መፍቀድ ነው። ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው የሚለው ደንብም እሷን አይመለከትም።

ራሷን ከሳተች ግን ስኳርም ውሃም በአፏ አይግባ፤ ያንቃታል። በጎኗ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ስኳሯን አይመልስም፤ የሚያባክነው ደቂቃ ግን ውድ ነው።

ስኳር ከፍ ሲልም ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ልጅቷ ውሃ ይጠማታል፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ፈቃድ መከልከል ከማሳፈር በቀር ጥቅም የለውም።

ፈተና ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻል፤ ስኳር ሲወርድም ሲወጣም ማሰብ ይከብዳልና። መለኪያዋና ስኳሯ ጠረጴዛዋ ላይ እንዲቀመጡ፣ ለመታከም የቆመችበት ጊዜም እንዲካካስላት ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ፈታኞችን ማነጋገር አለበት፤ በዚያች ሰዓት ልጅቷ ራሷ ልትለምን አይገባም።