የዲትሮይት ዲጄዎች ለምን ባሕር ተሻገሩ?

«ነቢይ በአገሩ አይከበርም» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ቴክኖ የተባለውን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚቀነባበር የዳንስ ሙዚቃ ያፈለቁትን አሜሪካውያን ዲጄዎች ነገር ስትመረምሩ ግን አባባሉ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አታገኙትም።

ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን በዲትሮይት አቅራቢያ በምትገኘው ቤልቪል አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሙዚቃቸው በአውሮፓ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በእንግሊዝ አገር በወጣ ሸክላ ነው። በዚያው ዓመት የሳውንደርሰን ቡድን «ኢነር ሲቲ» በብሪታንያ ከ10ሩ ቀዳሚ ዘፈኖች ተርታ ሲገባ፣ በአሜሪካ ግን ዝናው ከዳንስ ቤት እምብዛም አልወጣም።

ዲጄ በአመዛኙ የሚተዳደረው በየሌሊቱ በሚከፈለው ገንዘብ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የሚጫወትበት ቤት መኖሩ ነው። የበርሊን ግንብ በ1989 ከፈረሰ በኋላ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ባዶ የቀሩ ሕንጻዎች ዳንስ ቤት ሆኑ። በ1991 በአንድ አሮጌ መደብር ምድር ቤት የተከፈተው ትሬዞር ስሙ ራሱ «ካዝና» ማለት ነው። የዲትሮይት ዲጄዎችም በዚያ ተጫወቱ።

ባዶ ሕንጻስ በዲትሮይት ጠፍቶ ነውን? አልጠፋም፤ የጠፋው ከፋይ ነው። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ1990 ወደ 1 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። «ሚዩዚክ ኢንስቲትዩት» የተባለው የቴክኖ ቤት በ1988 ተከፍቶ በማግሥቱ ዓመት ተዘጋ። በአውሮፓ ደግሞ ከተሞቹ ስለሚቀራረቡ ዓርብ በአንዱ፣ ቅዳሜ በሌላው መጫወት ይቻላል።

በ2000 በዲትሮይት ወንዝ ዳር፣ በሃርት ፕላዛ፣ ያለ መግቢያ ክፍያ የሙዚቃ በዓል ሲዘጋጅ ሕዝቡ አደባባዩን አጥለቀለቀው። በዓሉ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።